ካታን መደጋገም ለፍልሚያ በእርግጥ ይጠቅማል ወይ?

ቡናማ ቀበቶ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁም። ለስድስት ዓመት ሾቶካን ካራቴ ስሠራ ቆይቻለሁ። ልምምዴን በደብተር የመመዝገብ ልማድ ስላለኝ ሰሞኑን ወደ ኋላ ገልጬ ስቆጥር፣ ከእያንዳንዱ የ2 ሰዓት ልምምድ ውስጥ 40 ደቂቃ ያህሉ ለካታ፣ ማለትም ቅደም ተከተሉ አስቀድሞ ለተወሰነ የብቻ የእንቅስቃሴ ልምምድ፣ የዋለ ሆኖ አገኘሁት። ሂያን ሾዳን የሚባለውን ካታ ሌሊት ከእንቅልፌ ቢቀሰቅሱኝ እንኳ ሳልሳሳት እሠራዋለሁ፤ ከአምስቱ ሂያኖች አልፌም ቴኪ ሾዳንና ባሳይ ዳይ ላይ ደርሻለሁ።

ባለፈው ወር ቦክስ ከሚሠሩ ሁለት ልጆች ጋር ጓንት አጥልቀን ቀለል ያለ ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) ሠርተን ነበር። በመጀመሪያው ዙር በግራ እጄ ቡጢ ስሰነዝር ቀኝ እጄ፣ እኔ ሳላዘው፣ በካታው እንደለመደው ወደ ወገቤ ተመለሰ፤ የተጋጣሚዬ ጃብም (በፊተኛው እጅ የሚሰነዘር ቀጥተኛ ቡጢ) ክፍት በተተወው በቀኝ በኩል ገብቶ አገጬ ላይ አረፈ። ይኸው ነገር ሦስት ጊዜ ተደገመ፤ ሦስቱንም ጊዜ እጄ ወገቤ ላይ ነበረ። ቡጢው ያን ያህል አላመመኝም። ያመመኝ ያንን እጅ ወደ ወገቤ የጎተተው የስድስት ዓመት ድካሜ መሆኑን ማወቄ ነው።

አሰልጣኜን ስጠይቃቸው «ካታው ገና አልገባህም» አሉኝ። እሳቸውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን በስድስት ዓመት ያልገባኝ በሰባተኛው በምን መንገድ እንደሚገባኝ አልነገሩኝም። ስለዚህ በካታ የምታምኑም የማታምኑም በቅንነት እንድትመልሱልኝ እለምናችኋለሁ። ካታ ሌላው ልምምድ የማይሰጠኝን ምን ይሰጠኛል? ከካታ ልጠብቀው የማይገባኝስ ምንድን ነው?

---

የቦክስ ልጅ

ወንድሜ፣ የደረሰብዎትን ሳይሸፋፍኑ ስለጻፉ አመሰግናለሁ፤ እኔም የማምንበትን ሳልሸፋፍን ልናገር። በፍልሚያ ውስጥ ቡጢን አስተካክሎ መሰንዘር ከሥራው ግማሹን እንኳ አይሆንም። ከባዱ ሥራ ማየት ነው። የተጋጣሚ ትከሻ ሲነቃነቅ፣ ክብደቱ ወደ ፊት እግሩ ሲሸጋገር፣ ርቀቱ በአንድ ጫማ ሲያጥር፣ ያንን ሁሉ በቅጽበት አንብቦ መምታት ወይም መሸሽ ወይም ዝም ማለት እንደሚገባ መወሰን ያስፈልጋል። በካታ ውስጥ የሚነበብ ሰው የለም፤ ቀጣዩ እንቅስቃሴ ምን እንደሆነ ከመነሻው ስለሚታወቅ ዓይንም አእምሮም ሥራ ፈት ናቸው። ብሩስ ሊ ቋሚ ቅርጾችን አጥብቆ ይቃወም የነበረው ፍልሚያ ሕያውና ተለዋዋጭ ነው ብሎ ስለሚያምን ነበር፤ እኔም በቦክስ ቀለበት ውስጥ ያየሁት ይህንኑ ነው።

«ቦክሰኛስ ብቻውን ከጥላው ጋር ይሠራ የለም ወይ?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይሠራል። ነገር ግን ጥላውን የሚመታ ቦክሰኛ ትናንት የገጠመውን ሰው በሐሳቡ ፊት ለፊቱ አቁሞ፣ የዚያን ሰው ቡጢ እየሸሸና እየመለሰ፣ በየዙሩ የተለየ ነገር ይሠራል እንጂ የዛሬ መቶ ዓመት በተወሰነ ቅደም ተከተል አይታሰርም። ከዚህ በላይ ደግሞ ሰውነት የደጋገመውን ነው የሚያመጣው። በድካምና በድንጋጤ ሰዓት እጅዎ ወደ ወገብዎ የሄደው ስለለመደ ነው፤ 40ውን ደቂቃ በፓድ (ባልደረባ በሚይዘው መምቻ) እና ከሰው ጋር በሚደረግ ልምምድ ቢተኩት በሦስት ወር ውስጥ ያ እጅ አገጭዎ ላይ መቆየትን ይለምዳል።

---

ሦስተኛ ዳን

የቦክሱ ወንድማችን የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ስለ ማየትና ስለ መወሰን ያሉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ካራቴን ወደ ጃፓን ዋና ደሴቶች ካደረሱት ሰዎች ግንባር ቀደም የሆኑትና እ.ኤ.አ. በ1922 ወደ ቶኪዮ የተሻገሩት ፉናኮሺ ጊቺን እንኳ ከ20ዎቹ መመሪያዎቻቸው በ18ኛው ላይ ካታን በትክክል ሥራ፣ እውነተኛው ፍልሚያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው የሚል ሐሳብ አስፍረዋል። ሾቶካንን የመሠረቱት ሰው ራሳቸው ሁለቱን ከለዩ፣ ካታ ብቻውን ተፋላሚ ያደርጋል ብሎ የሚያስተምር ሰው ከመምህሩ አልፎ እየተናገረ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ እጅዎ ልመለስ። ጠያቂው ወንድሜ፣ ወደ ወገብ የሚመለሰውን እጅ ሂኪቴ እንለዋለን፤ ትርጉሙም የሚጎትት እጅ ማለት ነው። ስሙ ራሱ የሚጎተት ነገር እንዳለ ይናገራል። ምን ነበር የሚጎትተው? በእኔ አረዳድ ያ እጅ ባዶ ሊሆን አይገባም፤ የተጋጣሚን የእጅ አንጓ ወይም እጅጌ ይዞ ወደ ወገብ ስቦ ሚዛኑን ሲያስት ሌላኛው እጅ በዚያው ቅጽበት ይመታል። ይህን ከባልደረባ ጋር ቢሞክሩት ልዩነቱ ወዲያው ይሰማዎታል፤ የተጎተተ ሰው ጭንቅላቱ ወደ ቡጢው ይመጣል፣ የታሰረው እጁም ሊመታዎት አይችልም። እርስዎ ከቦክሰኞቹ ጋር የቆሙት ግን ክንድ ለክንድ በማይነካካበት ርቀት ላይ፣ መያዝ በማያስችል ጓንት ነበር። ለአንድ ርቀት የተሠራን መልስ ለሌላ ርቀት ሰጡ፤ ጃቡም የገባው በዚያ ክፍተት ነው። አሰልጣኝዎ «አልገባህም» ሲሉ ይህን ማለታቸው ከሆነ እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ማስረዳቱ የእሳቸው ድርሻ ነበር።

ለምን ሳይነገርዎት ቀረ ለሚለው ታሪኩን ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1901 የካራቴ መምህሩ ኢቶሱ አንኮ ካራቴን የጃፓን ደቡባዊ ደሴት በሆነችው በኦኪናዋ ወዳለ ትምህርት ቤት አስገቡ። አምስቱን ፒናን ካታዎች ለተማሪዎች እንዲመቹ አድርገው ያዘጋጁትም እሳቸው ናቸው፤ ፉናኮሺ በኋላ ሂያን ብለው ስማቸውን ለወጡ፣ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውንም ቅደም ተከተል አቀያየሩ። በአንድ ሜዳ ላይ ተሰልፈው በትእዛዝ ለሚንቀሳቀሱ ብዙ ልጆች ቅርጹንና ሥርዓቱን ማስተማር ይቻላል፤ እያንዳንዱን ከባልደረባ ጋር አጣምሮ አያያዝና መጣል ማስተማር ግን አዳጋች ነው። በዚህ መንገድ የተስፋፋው ትምህርት ቅርጹን ይዞ ተጓዘ፣ ትርጉሙም በየቦታው እየቀረ ሄደ። የሚገርመው ግን ኢቶሱ ራሳቸው በ1908 በጻፉት ደብዳቤ ላይ ሰልጣኙ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ለምን ዓላማ እንደሆነና መቼ እንደሚያገለግል እየመረመረ እንዲለማመድ አሳስበው ነበር።

አንድ ነገር አሁኑኑ ሊሞክሩ የሚችሉት ልስጥዎት። የሂያን ሾዳንን አራተኛ እንቅስቃሴ ያስታውሱ፤ ወደ ቀኝ ዞረው በቀኝ እጅ ገዳን ባራይ (ክንድን ወደ ታች ጠርጎ መመከት) ከሠሩ በኋላ ቀኝ እግርዎን ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ስበው ክንድዎን በክብ አዙረው በመዶሻ ቡጢ ወደ ታች ይመታሉ። በብቸኝነት ሲሠሩት ትርጉም የለሽ ጌጥ ይመስላል። ባልደረባዎ ቀኝ አንጓዎን በሙሉ ኃይሉ እንዲይዝዎት ያድርጉ፤ ከዚያ በክንድዎ ብቻ ለማስለቀቅ ይሞክሩ፤ አይለቅም። ቀጥሎ እግርዎን እየሳቡ፣ ዳሌዎን እያዞሩ፣ ክንድዎን በአውራ ጣቱ በኩል አሽከርክረው ያውጡት። አያያዙ የሚላቀቀው እግሩ ሲሳብ መሆኑን በራስዎ ሰውነት ያዩታል፤ ያኔ ያ ግማሽ እርምጃ በካታው ውስጥ ለምን እንደገባ ማንም ሊነግርዎት አያስፈልግም።

---

የጁዶ ምንጣፍ

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ካታን ብቻውን እንደሚሠራ ሰው ሥራ አድርጎ ስለሚያየው ከጁዶ በኩል ያለውን ማካፈል ፈለግሁ። በእኛ ዘንድ ካታ የሚሠራው በጥንድ ነው። ናጌ ኖ ካታ 15 መጣያዎችን በአምስት ክፍል ከፍሎ ይይዛል፤ የእጅ፣ የዳሌ፣ የእግር፣ ወደ ኋላ በመውደቅ የሚጣልባቸው፣ በጎን በመውደቅ የሚጣልባቸው፤ እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ሲሆን በቀኝም በግራም ይሠራል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል ይመስላል። በነጻ ትግል ሁላችንም የምንወደውን አንድ ጎን እየመረጥን እንሸሻለን፤ እኔ ለብዙ ዓመታት በግራ በኩል ትከሻዬ ላይ ጭኜ ጥዬ አላውቅም ነበር። ካታው ምርጫ ስላልሰጠኝ ግራ ጎኔ ምን ያህል ደንቆሮ እንደሆነ የነገረኝ እሱ ነው።

የጁዶ መሥራች ካኖ ጂጎሮ ካታን ከሰዋስው፣ ራንዶሪ የምንለውን ነጻ ትግል ደግሞ ድርሰት ከመጻፍ ጋር ያመሳስሉ ነበር። ንጽጽሩን የምወደው ለሁለቱም ወገን ስለማያደላ ነው፤ ሰዋስው ብቻ ያጠና ሰው ደብዳቤ መጻፍ አይችልም፣ ሰዋስው የማያውቅም የጻፈው ሲበላሽ የት ላይ እንደተበላሸ አያገኘውም። ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 የጁዶ ትምህርት ቤታቸውን ኮዶካንን ሲመሠርቱ ከቀደሙት የጁጂትሱ ትምህርት ቤቶች የለዩበት ዋና ነገር ነጻ ትግሉን የልምምዱ እምብርት ማድረጋቸው ነበር፤ ያም ሆኖ ካታን አልጣሉም። በነጻ ትግል ቢፈቀዱ ሰው የሚጎዱትን ምቶች፣ ጩቤና ሰይፍ የሚመከትባቸውን መንገዶች በኪሜ ኖ ካታ 20 እንቅስቃሴዎች ውስጥ አስቀመጧቸው። እንግዲህ አንዱ የካታ ጥቅም ይህ ይመስለኛል፤ በሙሉ ኃይል ልንሞክረው የማንችለውን ነገር ሳይጠፋ ማቆየት።

ስለ ኡኬ ማለትም ስለሚጣለው ሰው አንድ ቃል ልጨምር። የናጌ ኖ ካታ የመጀመሪያው መጣያ ኡኪ ኦቶሺ ነው፤ ጣዩ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ይጎትታል፣ ኡኬም ሦስት እርምጃ ይከተላል፣ በሦስተኛው ላይ ጣዩ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ስቦ ይጥለዋል። ዳሌ የለም፣ እግር የለም። ኡኬ ከአዘኔታ የተነሳ ራሱ ዘሎ ቢወድቅ ጣዩ ምንም አይማርም፤ ቢገትርም እንዲሁ። ኡኬ በእውነት ወደ ፊት እየሄደ ሚዛኑ በእውነት ሲጠፋ ብቻ ነው መጣያው የሚሠራው። እኔ የሰውን ክብደት ማድመጥ የተማርኩት እየጣልኩ ሳለ ሳይሆን፣ ለወራት እየተጣልኩ፣ የትኛው መሳብ ያለ ፈቃዴ እንደሚያነሳኝና የትኛው እንደማያነሳኝ እየለየሁ ነው።

---

የቦክስ ልጅ

የጁዶው ወንድሜ የገለጹት ልምምድ የምቃወመው ዓይነት አይደለም፤ እውነተኛ ክብደት ያለው ሰው ተይዞ የሚሠራ ነገር ነው። የሦስተኛ ዳኑንም የአንጓ ሙከራ ትናንት ማታ ከወንድሜ ጋር ሞክሬው በእርግጥ ሠርቷል፤ ይህን መደበቅ ነውር ነው። ሁለት ጥያቄ ግን ይቀረኛል። እንቅስቃሴው የሚሠራው ከሰው ጋር ሲሞከር ከሆነ፣ ብቻን ሆኖ ያንኑ በሺህ ጊዜ መደጋገሙ ምን ይጨምራል? ደግሞስ አንድ ሰው 26 ካታ ማወቅ ለምን ያስፈልገዋል? እኔ የማውቃቸው ጥሩ ቦክሰኞች የሚያሸንፉት በሦስት ወይም በአራት ቡጢ ነው።

---

ፊዚዮ

በሙያዬ የስፖርት ጉዳት የደረሰባቸውን ሰዎች ወደ እንቅስቃሴ እመልሳለሁ፤ በትርፍ ጊዜዬም ካራቴ እሠራለሁ። ብቻን ሆኖ መደጋገም ምን ይጨምራል ለሚለው ጥያቄ ከሰውነት አንጻር ብቻ ልመልስ።

ተጋጣሚ ፊታችን ሲቆም ትኩረታችን ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል፤ ተገቢም ነው። በዚያ ሰዓት ጉልበታችን ወደ ውስጥ ይጠምዘዝ፣ ተረከዛችን ይነሳ፣ ትንፋሻችን ይታገት አናውቅም። ካታ ያንን ትኩረት ወደ ራሳችን የምንመልስበት ጊዜ ነው። በሂያን ሾዳን ከሦስተኛው አጌ ኡኬ (ክንድን ወደ ላይ አንስቶ መመከት) በኋላ ያለውን የ270 ዲግሪ መዞር ይውሰዱ። ብዙ ሰልጣኞች ክብደታቸው ያረፈበትን ቀኝ እግር መሬት ላይ እንደተከሉ አካላቸውን ያዞራሉ፤ እግሩ ቆሞ ዳሌው ሲዞር መሐል ላይ ያለው ጉልበት ጠመዝማዛውን ይቀበላል፣ ውሎ አድሮም ልም አጥንቱ ይጎዳል። ይህን ስህተት ቀስ ብሎ በሚሠራ ካታ ውስጥ ማየትና ማረም ይቻላል፤ ጉልበቱ የእግር ጣቶቹ ወደሚያመለክቱበት እንዲያመለክት፣ መዞሩም ከዳሌው ተነስቶ እግሩን ይዞ እንዲሄድ ማድረግ ነው። በስፓሪንግ መሐል ግን ይህን የሚያርም ሰው አላየሁም።

ጥንቃቄ የሚያሻው ነገርም አለ። የተሳሳተን እንቅስቃሴ ሺህ ጊዜ መደጋገም ስህተቱን ሺህ ጊዜ ማጥናት ነው፤ ከሚታከሙልኝ ሰዎች አንዳንዶቹ ጉልበታቸውን ያበላሹት በፍልሚያ ሳይሆን ያለ አራሚ በተደጋገመ ካታ ነው። ስለዚህ አሥር ጊዜ በፍጥነት ከመሥራት ሁለቴ በዝግታ፣ በስልክ ቀርጾ እያዩ መሥራት ይሻላል።

---

የእንጨት ሰይፍ

ከኬንዶ፣ ማለትም ከጃፓን የሰይፍ ልምምድ በኩል አጭር ነገር። ኬንዶ ውስጥ የልምምዳችን አብዛኛው ክፍል ትጥቅ ለብሰን በቀርከሃ ሰይፍ የምናደርገው ነጻ ፍልሚያ ነው፤ ታዲያ ለምን እ.ኤ.አ. በ1912 የተደነገጉትን 10 ካታዎች በእንጨት ሰይፍ፣ ያለ ትጥቅ እንሠራለን? 7ቱ ረጅም ሰይፍ ከረጅም ሰይፍ፣ 3ቱ ደግሞ ረጅም ከአጭር ሰይፍ ጋር የሚገናኙባቸው ናቸው። ጭንቅላት መከላከያ በሌለበት ባልደረባዬ በእንጨት ሰይፍ ወደ አናቴ ሲወርድ ርቀት የሚለው ቃል ትርጉሙ ይለወጣል። በመጀመሪያው ካታ ወደ ኋላ ሸሽቼ አየሩን ካስቆረጥሁት በኋላ አናቱን እመታለሁ፤ ቀድሜ ከሸሸሁ እሱ ያየኝና ሰይፉን አያወርድም፣ ከዘገየሁም ያገኘኛል። ቅደም ተከተሉ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ቅጽበቱ ግን በየጊዜው አዲስ ነው።

ለእኔ ትልቁ ትምህርት ደግሞ የሚና አከፋፈሉ ነው። ኡቺዳቺ የሚባለው አጥቂ የመምህሩ ወይም የነባሩ ሚና ነው፤ በካታው መጨረሻም የሚሸነፈው እሱ ነው። ጀማሪው ሺዳቺ ሆኖ ያሸንፋል። ነባሩ ጥቃቱን በእውነት ይሰነዝራል፣ ጀማሪው መልሱን በትክክለኛው ቅጽበት እስኪያገኘው ድረስ ደጋግሞ ይሸነፍለታል። አንድ ሰው ራሱን ለሌላው ትምህርት እንዲህ አሳልፎ የሚሰጥበት ልምምድ በነጻ ፍልሚያ ውስጥ አላገኘሁም።

---

የመድረክ ካታ

እኔ በካታ የምወዳደር ነኝ፤ ስለዚህ ወገን አለኝ፣ ቢሆንም ሚዛኔን ለመጠበቅ እሞክራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ 2020 ኦሎምፒክ ካታ ራሱን የቻለ ውድድር ሆኖ ቀርቦ 7 ዳኞች ነጥብ ይሰጡ ነበር፤ 70 በመቶው ለቴክኒክ፣ 30 በመቶው ለአካል ብቃት። በወንዶች የኦኪናዋው ኪዩና ርዮ፣ በሴቶች የስፔይኗ ሳንድራ ሳንቼዝ ወርቁን ወሰዱ። ሳንቼዝ በዚያን ጊዜ 39 ዓመቷ ነበር። በዚያ ዕድሜ በዚያ ፍጥነትና ጥራት መንቀሳቀስ መቻሏ ብቻውን ካታ ለሰውነት ምን እንደሚያደርግ ይመሰክራል ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን ውድድር ካታን እንደሚያጣምምም ማመን አለብኝ። ለዳኛ ዓይን ሲባል አቋቋማችንን ከሚገባው በላይ እናስረዝማለን፣ በእንቅስቃሴዎች መካከል ለውበት ስንል ቆም እንላለን፣ የልብሳችን ድምፅ እንዲሰማ እጃችንን እናስጮኻለን። ከእነዚህ አንዱም ተጋጣሚን አይጥልም። እኔ ራሴ ለሁለት ዓመት አንዲትን እንቅስቃሴ ለሥዕሏ ብቻ ስሠራት ቆይቼ፣ ለቡድን ውድድር ቡንካይ (የካታውን እንቅስቃሴ በባልደረባ ላይ ማሳየት) ስናዘጋጅ ባልደረባዬ በእውነት ሲመታኝ እጄ የሚደርሰው ከጆሮው በላይ ባዶ አየር ላይ መሆኑን አየሁ። ከዚያ ወዲህ በመድረክ የምሠራትን ሁሉ ቀድሜ በሰው ላይ እሞክራታለሁ፤ ነጥቤም አልቀነሰም። ጠያቂው ወንድሜ የሚሠሩት ካታ ለፈተናና ለመድረክ ብቻ የተቃኘ እንዳይሆን ይመርምሩ።

---

ሦስተኛ ዳን

ስለ ካታ ብዛት ለተነሳው ጥያቄ፣ የቦክሱ ወንድሜ፣ በዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ሾቶካን 26 ካታ ይዟል፤ ሁሉንም ቅርሱ እንዳይጠፋ የሚያውቅ ሰው መኖሩ መልካም ነው፤ ለመፋለም የሚማር ሰው ግን ሁሉንም አያስፈልገውም። በፍልሚያ ችሎታቸው ስማቸው የገነነው የኦኪናዋው ሞቶቡ ቾኪ ከሁሉም በላይ በናይሃንቺ ላይ ያተኩሩ ነበር፤ ሾቶካን ቴኪ የሚለው እሱ ነው። በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ወደ ጎን ብቻ የሚኬድበት፣ ዝላይም ሆነ ከፍ ያለ እርግጫ የሌለበት አጭር ካታ ነው፤ በቅርብ ርቀት ክንድ ይዞ መሳብን፣ በክርን መምታትን፣ እግርን ጠርጎ ማንሳትን ግን ይዟል። አንዱን ካታ ወደ ታች መቆፈር አምስት ካታ ከላይ ከላይ ከመጫር ይበልጣል።

ብቻን መደጋገም ለሚለው ፊዚዮ ከመለሱት ላይ የምጨምረው አለ። ባልደረባ ሁልጊዜ አይገኝም። የጎተቱትን ሰው ክብደት እጅዎ አንዴ ካወቀው በኋላ ብቻዎን ሲሠሩ ያንን ክብደት በእጅዎ ይዘው ነው የሚሠሩት፤ ከዚያ ተመልሰው ባልደረባ ሲያገኙ የረሱትን አይጀምሩም። ሰው ይዘው ሳይሞክሩ የሚደጋግሙት ግን የሚያስታውሱት ነገር የለውም፤ ለዚህ ነው ቅደም ተከተሉ ወሳኝ የሚሆነው፤ መጀመሪያ በሰው ላይ፣ ከዚያ ብቻን፣ ከዚያ ባልደረባው እየተቃወመ።

በሚቀጥለው ልምምድዎ 40ውን ደቂቃ አይሰርዙት፤ ከፍለው ይጠቀሙበት። ለአንድ ወር ሂያን ሾዳንን ብቻ ይያዙ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከባልደረባ ጋር ይሁኑ፣ ባልደረባዎም በየሳምንቱ ትብብሩን እየቀነሰ ይሂድ። ቦክሱንም አይተዉ። እጅ አገጭ ላይ የሚቆይበትን ርቀት እዚያ ይማራሉ።

---

ቡናማ ቀበቶ

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ምክራችሁን በደብተሬ ላይ ገልብጬ በየልምምዱ ይዤ ሄድኩ።

የአንጓው ማስለቀቅ በመጀመሪያው ሳምንት ባልደረባዬ ዝም ብሎ ሲይዘኝ ይሠራ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት እየጎተተኝ ሲይዘኝ ጨርሶ እምቢ አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ላይ ስህተቴን አገኘሁት። እግሬን የምስበው ክንዴን ካዞርኩ በኋላ ነበር፤ ቪዲዮውን ቀስ አድርጌ ሳየው በካታው ውስጥም ለስድስት ዓመት እንዲሁ ሳዘገየው ኖሬያለሁ። እግርና ክንድ አብረው ሲነሱ የባልደረባዬ ክርን ወደ ላይ ተገልብጦ አያያዙ ተፈታ፤ የመዶሻ ቡጢውም ሳልፈልገው ክንዱ ላይ ወረደበት። ያን ማታ ብቻዬን ሳለሁ አራተኛዋን እንቅስቃሴ ስሠራት በፊት ከማውቃት ፈጽሞ ሌላ ሆና ተሰማችኝ።

ከቦክሰኞቹም ጋር ሁለት ጊዜ ተገናኝቻለሁ። በሩቁ ርቀት እጄን አገጬ ላይ ማቆየት ጀምሬአለሁ፤ አሁንም ሲደክመኝ ይወርዳል፣ ትናንትናም አንድ ጃብ በዚያው በኩል ገብቶብኛል። ተቃቅፈን በቀረብንበት ጊዜ ግን ግራ ክንዱን በብብቴ ስር አጥብቄ ይዤ ወደ ወገቤ ስስበው መላ አካሉ ተከትሎ መጣ፤ እሱም «ይህን ከየት አመጣኸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ከሂያን ሾዳን ነው ስለው አላመነኝም።

አሰልጣኜ ዘንድ ሄጄም የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው «ያዘኝ» አሉኝ። የቀረውን ሰዓት በሙሉ እሳቸው እየተያዙ፣ እኔ እየተገለበጥኩ አሳለፍነው። ከዚህ በፊት ለምን እንዳላሳዩኝ ስጠይቃቸው፣ እሳቸውም መምህራቸውን ጠይቀው እንደማያውቁ፣ ብዙውን ራሳቸው ዘግይተው እንዳገኙት ነገሩኝ።

አሁን የቀረኝ አንድ እንቅስቃሴ ነው። ፊዚዮ ያነሱት የ270 ዲግሪ መዞር፣ ማለትም አሥረኛው፣ ምን እንደሚሠራ ሊገባኝ አልቻለም። ከኋላ የመጣን ሰው ለመመከት ነው የሚለውን ማብራሪያ ሞክሬው፣ ሦስት አራተኛ ዙር ዞሬ እስክጨርስ ድረስ ባልደረባዬ ሁለት ጊዜ መታኝ።

---

የጁዶ ምንጣፍ

እንቅስቃሴዋን እንደገለጻችኋት ሠርቼ አየኋት፤ ለእኔ ታይ ኦቶሺ የምንለውን የጁዶ መጣያ ትመስላለች። ከሦስተኛው አጌ ኡኬ ይጀምሩ፤ ቀኝ እግርዎ ከፊት ነው፣ ቀኝ ክንድዎ ከፍ ብሏል። ያ ክንድ ባዶ አየር ከሚይዝ በባልደረባዎ ደረትና አንገት መካከል ይደገፍ፣ ግራ እጅዎ የቀኝ እጅጌውን ይያዝ። አሁን ግራ እግርዎን ከኋላዎ አሽከርክረው ወደ ግራ ይዙሩ፤ ጀርባዎ ወደ እሱ ይመለሳል፣ ቀኝ እግርዎም ከቀኝ እግሩ ፊት እንደ ደፍ ይቀራል። በመጨረሻ በግራ እጅ የሚሠሩት ገዳን ባራይ እጅጌውን ወደ ታችና ወደ ግራ የሚስበው እጅ ነው፤ እሱም በቀኝ እግርዎ ላይ ተሻግሮ ይወድቃል። ቀኝ ጉልበትዎ ትንሽ ይታጠፍ፣ የባልደረባዎ ክብደት በጎን በኩል እንዳያርፍበትም ይጠንቀቁ። እሱ መውደቅ የማያውቅ ከሆነ ወፍራም ምንጣፍ ላይ፣ በግማሽ ፍጥነት፣ እጅጌውን እስከ መጨረሻው ሳይለቁ ይጀምሩ።